መድኃኒቱ የክረምት ዕረፍት የለውም

2011 ዓ.ም. ሁለተኛ ዓመት ነበርን። ወሎ ውስጥ ካሉት ግቢዎች በአንዱ፣ ስድስት ሆነን በአንድ ዶርም። ከስድስታችን አንዱ የደላንታ ልጅ ነው። ኅዳር ላይ ከአልጋው መውረድ አቆመ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ክፍል መቅረት ጀመረ። ቀጥሎ ካፌም ቀረ። እኛ ዳቦውን ይዘንለት እንመጣለን፣ ዳቦው ሎከሩ ላይ እየደረቀ ይከመራል። አንድ ቀን ብቆጥር አሥራ አንድ ደርሷል። እሱ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ስቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። የተኛ ይመስላል እንጂ አይተኛም። ሌሊት ሽንት ቤት ስነሣ ዓይኑን ፍጥጥ አድርጎ አገኘው ነበር።

«አብሽር» እንለዋለን፣ አይዞህ ለማለት። ወሎ ያደገ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። ፈተና ለወደቀ አብሽር፣ ስልኩን ለተሰረቀ አብሽር፣ ሰው ለሞተበት አብሽር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይላታል። ደግ ቃል ናት፤ ለሐዘን ትሠራለች። ለሱ ግን አልሠራችም። አብሽር ባልነው ቁጥር «እሺ» ይልና ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ስለ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና ሲወራ አብዛኛው ሰው «ግንዛቤ የለም» ብሎ ያልፋል። ግንዛቤ አለመኖሩ እውነት ነው። እኔ ካየሁት ግን ግንዛቤው ከተገኘ በኋላ ያለው መንገድ ይብሳል። ተማሪው ሕመሙ ይታወቅለታል፣ ሐኪም ያየዋል፣ መድኃኒት ይጀምራል። ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው። የዩኒቨርሲቲው ዓመትና የመድኃኒቱ ዓመት አይገጥሙማ።

«ጨጓራዬን ነው»

በአራተኛው ሳምንት ጎትተን የግቢው ክሊኒክ ወሰድነው። «ምንህን ነው የሚያምህ?» ሲባል «ጨጓራዬን» አለ። «ራሴንም።» ውሸቱን አልነበረም፤ ያመው ነበር። ኦሜፕራዞል የሚባል የጨጓራ መድኃኒት ተሰጠውና ተመለስን። ነርሷ ላይ አልፈርድም። በሯ ላይ ሠላሳ ሰው ተሰልፏል፣ ልጁ ደግሞ ጨጓራ ብሏታል።

ድባቴ እኛ አገር የሚናገረው በሰውነት በኩል ነው። «ከፍቶኛል» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ተማሪ አላየሁም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይከብደኛል»፣ «ሰውነቴን ይወረኛል»፣ «እንቅልፍ እንቢ አለኝ» ነው የሚባለው። ባለሙያዎች ድባቴ የሚሉት ከሰኞ ጠዋቱ ድብርት ለመለየት ነው። ድብርት ይመጣል፣ ቡና ሲፈላና ጓደኛ ሲመጣ ይሄዳል። ድባቴ ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ፣ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ተጭኖ ይከርማል። ሰውየው ወይ ስሜቱ ይጠቁራል፣ ወይ ይወደው የነበረው ሁሉ ያስጠላዋል። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበትና ትኩረት ይናጋሉ። ራሱን ይኮንናል። ሲብስ ሞትን ይመኛል። ይህን ለመለየት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው አንድ ወረቀት አለ፤ ፒ ኤች ኪው ዘጠኝ ይሉታል። በአማርኛ ተዘጋጅቶ እዚሁ አገራችን ተፈትሿል። ለመሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጨጓራ ብሎ ሦስቴ ለተመላለሰ ተማሪ በአራተኛው ይህን ወረቀት መስጠት ከኦሜፕራዞል አይወደድም።

የዕድሜውም ነገር አለ። ከባድ የስሜት ሕመሞች በብዛት ብቅ የሚሉት በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው። ልጁ ሻንጣውን ይዞ ግቢ የሚገባውም በዚያው ዕድሜ ነው። ለዚህ ነው ቤተሰብ «ደህና ልጅ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ተበላሸ» የሚለው። ቤት ቢቀመጥም ሕመሙ ሊመጣ ይችል ነበር። ልዩነቱ፣ ቤት ቢሆን እናት ታየው ነበር። ዶርም ውስጥ የሚያየው እንደኛ ያለ የሃያ ዓመት ልጅ ነው።

ግቢው ንጹህ ነው ማለቴም አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ከመቶ ሦስት አንዱ ሆኖ ያለፈ ልጅ መንደሩን በሙሉ አዝሎ ነው የሚመጣው። ሲጨርስም የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ከ2015 ጀምሮ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ወሎ ላይ ደግሞ ጦርነቱ ይጨመራል። ነሐሴ 2013 ወልድያ፣ ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው ነበር። ሆስፒታልም ዩኒቨርሲቲም ተዘርፏል። ዛሬ አንደኛ ዓመት የገባ የወሎ ልጅ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ገደማ ነው። ምን እንዳየ ማንም አልጠየቀውም። ከዚያ ወዲህም ክልሉ ከተኩስ ድምፅ አልራቀም።

እናትየው ሲመጡ

ስልክ ደወልንና የጓደኛዬ እናት ከደላንታ መጡ። ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀው ግቢው በር ላይ ቆመዋል። «የሰው ዓይን ነው ልጄን የበላብኝ» አሉኝ። «ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥቶ የለ? ያኔ ነው ያዩብኝ።» ምን እመልሳለሁ? ሻንጣውን አወጣሁላቸው። ጠበል ይዘውት ሄዱ።

ሙስሊም ቤተሰብ ቢሆን ወዳጃ ይቀመጥለት ነበር። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጫቱ ይቀርባል። ሸሁ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ተሰብሳቢው «አሚን» ይላል። ወሎ ነውና ክርስቲያን ጎረቤትም ጥጉን ይዞ ይቀመጣል። የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። እኔ ግን እንዲህ ነው የማየው፤ ወሎ ውስጥ ለተጨነቀ ሰው ቀድሞ የሚደርስለት ይኼ ነው። ክፍያ የለው፣ ቀጠሮ የለው። ሰውየው ብቻውን አይቀርም፤ ስሙ እየተጠራ ይጸለይለታል። የትኛው ክሊኒክ ነው ሃያ ሰው ሰብስቦ ለአንድ ታማሚ አሚን የሚያሰኘው?

ጸሎትና መድኃኒት በራሳቸው አይጣሉም። የሚያጣላቸው ሰው ነው። በአንድ ወገን «ጠበል ላይ ሆነህ ኪኒን አትዋጥ» የሚል አለ። በሌላው «እዚያ ሄዳችሁ ጊዜ ፈጅታችሁ አሁን ትመጣላችሁ» ብሎ እናት ላይ የሚጮህ ነጭ ጋውን አለ። ሁለቱም ልጁን ከመድኃኒቱ ያርቁታል። አዲስ አበባ ውስጥ ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተቀምጠው ተነጋግረው፣ ታማሚው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ እንዲያገኝ የሠሩበት ልምድ አለ። ሸህና ቄስ አንድ ለቅሶ ቤት አብረው በሚቀመጡበት አገር፣ ሦስተኛ ወንበር ለሐኪም መጨመር ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚቀል ይመስለኛል።

ጓደኛዬ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ትንሽ በልቷል፣ ፊቱ ግን ያው ነው። የጤና ተማሪ የሆነ የአገሩ ልጅ አየውና ክሊኒክ ይዞት ገብቶ ሪፈር አጻፈለት። ታኅሣሥ ላይ ደሴ ሄደን ሥነ አእምሮ ክፍል ታየ። በነገራችን ላይ ወሎ በዚህ በኩል ባዶ አይደለም። ደሴ ሆስፒታልም ቦሩ ሜዳም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በሙያው ያሠለጥናል። ባለሙያው አለ። ተማሪውና ባለሙያው የሚገናኙበት መንገድ ነው የጠበበው።

ካፕሱሉ

የተሰጠው ፍሉኦክሴቲን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ነበር። ባለ 20 ሚሊግራም ካፕሱል፣ ጠዋት አንድ። በትንሽ ላስቲክ ተደርጎ፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ጠዋት 1» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም። ልጁ ላስቲኩን ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ ሎከሩ ጥግ ደበቀው። የሚውጠው እኛ ፊታችንን ልንታጠብ ስንወጣ ነው። ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱም እንደምናውቅ ያውቃል። ግን አይወራም።

ያ ላስቲክ ላይ መጻፍ የነበረበት ብዙ ነገር ነው። አንደኛው፣ መድኃኒቱ ወዲያው አይሠራም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያቅለሸልሻል፣ እረፍት ይነሳል፣ እንቅልፍ ይረብሻል። ጥቅሙ መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሙሉ ለመሆን ከዚያም ይረዝማል። ጉዳቱ ከፊት፣ ጥቅሙ ከኋላ የሚመጣ መድኃኒት ነው። ይህን ያልተነገረው ተማሪ በአምስተኛው ቀን «አባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል። በራሱ ሒሳብ ትክክል ነው።

ሁለተኛው፣ ወጣትነት ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2004 እ.ኤ.አ. ለልጆችና ለታዳጊዎች፣ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች፣ የድባቴ መድኃኒቶች ማሸጊያ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዟል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊነሳ ወይም ሊጠነክር ይችላል ነው ነገሩ። ይህ ማለት አትውሰዱ ማለት አይደለም፤ ያልታከመ ድባቴ ራሱ ገዳይ ነው። ማለቱ፣ ጀማሪውን ቶሎ ቶሎ ይዩት ነው። ግቢ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከ25 በታች ነው። ስለዚህ «ከወር በኋላ ተመለስ» የሚለው ቀጠሮ ለተማሪ አይሆንም። በየሳምንቱ አንድ ሰው «እንዴት አደርክ?» ሊለው ይገባል፤ ያ ሰው የግቢው ነርስ ቢሆን ይበቃል። አንድ ተማሪ ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ደግሞ ብቻውን አይተውም። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው። ዶርም ተዘጋ አልተዘጋ የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩን፣ መቀስቀስ ነው።

ሦስተኛው ሐሜቱ ነው። «ሱስ ያስይዛል» ይባላል። ፍሉኦክሴቲንም ሌላው የድባቴ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊንም ሱስ አያስይዙም። ሱስ የሚያስይዘው ዳያዚፓም የሚባለው የማረጋጊያ መድኃኒትና ቤተሰቡ ነው፤ ለዚህም ነው በልዩ ማዘዣ የሚወጣው። ሰው ግን ሁሉንም «የእብድ ኪኒን» ብሎ አንድ ላይ ይጠቀልለዋል። በሌላ በኩል እውነት ሆኖ ማንም የማያወራው ጉዳት አለ፤ ፍሉኦክሴቲን የወሲብ ፍላጎትንና አቅምን ሊቀንስ ይችላል። የሃያ ዓመት ልጅ ይህን ለማን ይናገራል? ዝም ብሎ ያቋርጠዋል። ሐኪሙ ቀድሞ ቢነግረው ተመልሶ መጥቶ «ይቀየርልኝ» ለማለት አፍ ያገኛል።

አሚትሪፕቲሊን የቆየ ነው። ርካሽ ነው፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ድረስ የመገኘት ዕድሉም ይሻላል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ማታ ስለሚወሰድ እንቅልፍ ላጣ ሰው ይህ በረከት ነው። የሁለት ሰዓት ክፍል ላለው ግን ጠዋት መነሣት መከራ ነው። ሁለቱም የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ፍሉኦክሴቲን አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። አንድ ሁለት ቀን ቢዘለል ሌሎቹን ያህል አያንገዳግድም። መንገድ በሚዘጋበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጓደኛዬ ጥር መጨረሻ ላይ ከአልጋው ወረደ። አንድ ጠዋት ስነቃ ሎከሩን እየጠረገ ነው። ደረቁን ዳቦ ሰብስቦ ፌስታል ውስጥ ከትቷል። «ይኼን ሁሉ ዳቦ ማን አመጣው?» አለኝ። የምሩን ነበር።

የተገላቢጦሹ

ጓደኛዬ መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባ ነበር። ማንም አልጠየቀውም፣ እሱ ዕድለኛ ሆኖ አለፈ። ጥያቄው ይኼ ነው፤ «ለቀናት ትንሽ ብቻ እየተኛህ፣ ግን ድካም ሳይሰማህ፣ ጉልበትህ ሞልቶ የፈሰሰበት፣ ሰው ‹ምን ሆነሃል?› ያለህ ጊዜ ነበር?»

ግቢ የኖረ ሰው ይህን ዓይነት ልጅ አይቶ ይሆናል። ዝምተኛው ድንገት ተናጋሪ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ ይቸክላል፣ ጠዋት ኳስ ይጫወታል፣ ማታ ግጥም ይጽፋል። ጫማውን ለጥበቃው ይሰጣል። ወይ ተነሥቶ ካፌ ውስጥ መስበክ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ «ልጁ ነቃ» ይባላል። በሁለተኛው ሳምንት «ጨርቁን ጣለ» ይባላል። ሕክምናው ማኒያ ይለዋል። ድባቴና ማኒያ የሚፈራረቁበት ሕመም ደግሞ ባይፖላር ነው።

ባይፖላር ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ በብዛት የሚሄደው ሲወድቅ ነው፤ ከፍ ሲል ማን ሕመም ነው ይላል? ሐኪሙ የሚያየው ድባቴውን ብቻ ነው። የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ከሰጠው ወደ ማኒያ ሊገለብጠው ይችላል። ያቺ የአንድ ደቂቃ ጥያቄ ይህን ለመከላከል ናት።

ለባይፖላር የቆየው ምርጥ መድኃኒት ሊቲየም ነው። ጆን ኬድ የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1949 እ.ኤ.አ. ነው ውጤቱን ያሳወቀው። የገበታው ባይሆንም የጨው ዓይነት ነው። የባለቤትነት መብት የለውም፣ ርካሽ ነው። እኛ ጋ ግን እንደልብ አይገኝም። ጉጂ፣ ቀንጢቻ ላይ ሊቲየም ያለው ማዕድን አለን። ፋርማሲ ላይ ግን የለንም። ምክንያቱ ዋጋው ብቻ አይደለም። ሊቲየም በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ በየጊዜው በደም ምርመራ መለካት አለበት፤ ኩላሊትና ታይሮይድም መታየት አለባቸው።

ስለዚህ በምትኩ ስሜትን የሚያረጋጉት ቫልፕሮኤት ወይም ካርባማዜፒን ይታዘዛል፤ አብሮም ማኒያን የሚያበርዱት ኦላንዛፒን፣ ሪስፔሪደን ወይም ሃሎፔሪዶል። እዚህ ላይ ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ቫልፕሮኤት እየወሰደች የምታረግዝ ሴት ልጇ የአካል ጉድለት ይዞ የመወለድ ዕድሉ ከአሥር አንድ ገደማ ነው። የአእምሮ ዕድገት ችግር ደግሞ ከአሥር ሦስት እስከ አራት ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት መውለድ ለሚችሉ ሴቶች አይሰጥ የሚለው ለዚህ ነው። ካርባማዜፒን ደግሞ የወሊድ መከላከያ ኪኒንንም ክንድ ላይ የሚቀበረውንም ያደክማል። የክንዱ መከላከያ እኛ ጋ ስንቱ ሴት እንደሚጠቀመው ይታወቃል። የሃያ ዓመት ያላገባች ተማሪን «እርግዝና ታስቢያለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለሐኪሙም ለሷም ያሳፍራል። በዚህ ኀፍረት ምክንያት ሳይነገራት የወሰደች አለች። ማፈሩ ይቅርና ይነገር።

ጾምና ጫትም እዚሁ ይገባሉ። ረመዳን ላይ በቀን አንዴ የሚወሰድ ካፕሱል ወደ ኢፍጣር ወይ ወደ ስሑር ይዛወራል። ሁለት ጊዜ የሚወሰደውን ከሐኪም ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል። ሊቲየም ለሚወስድ ግን ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል አደጋ ነው፤ ሰውነት ሲደርቅ የመድኃኒቱ መጠን ደም ውስጥ ይወጣል። ቁርኣኑ ራሱ የታመመ በሌላ ቀን ይቁጠር ይላል። በሁዳዴም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ የንስሐ አባቱን ቢያማክር ለሕመምተኛ ፈቃድ አለ። ሰው ግን አይጠይቅም። ዝም ብሎ ኪኒኑን ይተዋል፣ ምክንያቱም ስለ ኪኒኑ ለንስሐ አባቱም ለሸሁም አልነገረም። ጫቱን በተመለከተ ስብከት የለኝም። ካቲኖን የሚባለው ቅመሙ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ፈተና ሰሞን ሌሊቱን ያነጋል። ባይፖላር ላለበት ሰው ደግሞ ማኒያን እንደ እንቅልፍ ማጣት የሚጠራ ነገር የለም። ምርቃናው ሲበርድ ለማብረጃ ጨብሲ ከተጨመረ፣ ሐኪሙ የሚያየው ስሜት የሕመሙ ይሁን የሐሙስ ማታው መለየት ይቸግረዋል።

ሰኔ መጨረሻ

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው። ጓደኛዬ ታኅሣሥ ጀመረ፣ ጥር መጨረሻ ተሻለው። ያኔ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ታማሚው ከተሻለው በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ይቀጥል ይል ነበር። ከጥር ዘጠኝ ወር ቁጠሩ፤ ጥቅምት ነው። በጥርና በጥቅምት መካከል ምን አለ? ክረምቱ። ሰኔ መጨረሻ ተማሪው ፍራሹን አስረክቦ፣ ክሊራንሱን አስፈርሞ አገሩ ይገባል። ክሊራንስ ላይ ላይብረሪው ይፈርማል፣ ካፌው ይፈርማል፣ ፕሮክተሩ ይፈርማል። ክሊኒኩ ግን «ይህ ልጅ መድኃኒት ላይ ነው፣ የክረምቱን ወስዷል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ብርድ ልብስ እንዳይጠፋ የተጠነቀቅነውን ያህል ለልጁ አልተጠነቀቅንም።

ግቢ እያለ ሕክምናው በተማሪነቱ ይሸፈናል። አገሩ ሲገባ ተማሪ አይደለም። ካርዱ ሌላ፣ ጤና ጣቢያው ሌላ፣ ቤተሰቡ የጤና መድን ካልከፈለ ዋጋውም የራሱ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ምን ያህል እንደናረ ፋርማሲ የቆመ ሁሉ ያውቃል። መጋቢት 2012 በኮሮና ተማሪው ሲበተን፣ በ2014 ግቢው ሲዘረፍ፣ መንገድ ሲዘጋም መድኃኒቱ የሚቋረጥበት ምክንያት ያው ነው። ሕክምናው የታሰረው በግቢው እንጂ በልጁ አይደለም።

መፍትሔው ውድ አይመስለኝም። ክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፣ የክሊኒኩ። የክረምቱ መድኃኒት ለሁለትና ለሦስት ወር አስቀድሞ ይሰጥ፤ ራሱን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ለሚሰጋለት ደግሞ በትንሽ በትንሹ፣ በቤተሰብ እጅ። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የተጀመረበት ቀን ያለበት ወረቀት ለወረዳው ጤና ጣቢያ ይጻፍለት። የጤና ጣቢያ ሰው ይችለዋል ወይ የሚል ካለ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርቶ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሥልጠና ባገኙ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሲታዩ ውጤቱ በሥነ አእምሮ ነርስ ከታዩት አላነሰም። የደሴው የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ለወረዳዎቹ ሲያድል አሚትሪፕቲሊን ብቻ ሳይሆን ፍሉኦክሴቲንም ቢያካትት ልጁ ፋርማሲ ለፋርማሲ አይንከራተትም። የምክር አገልግሎቱ ቢሮም ከዲሲፕሊን ቢሮው ጎን ባይሆን። እኛ ግቢ ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ። አንድ ተማሪ ወደዚያ ኮሪደር ሲገባ ከታየ «ምን ሰርቆ ነው?» ነው የሚባለው።

ጓደኛዬ ያን ክረምት የያዘው ለሰላሳ ቀን ነበር። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ደወለ። «እዚህ ጤና ጣቢያ አሚትሪፕቲሊን እንጂ ያኛው የለም አሉኝ። ደሴ ፈልግልኝ።» ፒያሳ ሁለት ፋርማሲ አጣሁ፣ ሦስተኛው ጋ አገኘሁ። የቀድሞ ማዘዣውን ፎቶ ስልኬ ላይ አሳይቼ ሠላሳ ካፕሱል ገዛሁ። መናኸሪያ ወርጄ የደላንታን መኪና ጠየቅሁ። ሾፌሩ ፖስታውን ተቀብሎ ነካ ነካ አደረገው። «ምንድን ነው?»

«የጨጓራ መድኃኒት ነው» አልኩት።

«አብሽር፣ ይደርሳል» አለና ከፀሐይ መከላከያው ላይ ሸጎጠው።